ከጦር ሜዳ መልስ ሙያ ፍለጋ፤ በአእምሮ ሕመምና በሱስ የተጐዱ የአሜሪካ ወታደሮች ከ1865 እስከ ዘመናችን

መግቢያ

በቋንቋችን «ሙያ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አናጢው፥ ሸማኔው፥ ጸሐፊው በየዕለቱ እንጀራውን የሚበላበት ሥራ ሙያ ይባላል፤ በጦር ሜዳ ጀግንነት የፈጸመ ሰውም «ሙያ ሠራ» ይባልለታል። ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ነገሩም አንድ ይመስላል። ነገር ግን ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር ሁለተኛውን ሙያ ይዞ የመጀመሪያውን ያጣ ሊሆን ይችላል። «ሙያ በልብ» ይባላል፤ በልብ የተያዘ ሙያ ግን ለገበያ አይወጣም፥ የቤት ኪራይም አይከፍልም።

ይህ ችግር አካሉ ደኅና ሆኖ አእምሮው ለተጐዳ፥ ሐዘኑንና ፍርሀቱንም በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ለማስታገስ ለሞከረ ወታደር ይበልጥ ይከብዳል። እግሩን ያጣ ሰው ጉዳቱ ከሩቅ ይታያል፤ አሠሪውም መንግሥትም ምን እንደ ጐደለው ያውቃሉ። እንቅልፍ ያጣው፥ በድምፅ የሚደነግጠው፥ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር መስማማት ያቃተው ሰው ግን «ሰነፍ»፥ «ሰካራም»፥ «አስመሳይ» እየተባለ ይኖራል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ለእንደዚህ ያሉ ወታደሮች የሙያ ጥያቄ በየዘመኑ የሰጡትን መልስ ነው። አሜሪካን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ በአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ በተከታታይ ትውልዶች ላይ የደረሱ ታላላቅ ጦርነቶች ስላሉ ትውልድን ከትውልድ ማነጻጸር ይቻላል። ሁለተኛ፥ አገሪቱ ለወታደሮቿ የሰጠችውንም የነፈገችውንም በሕግ ጽፋ ያስቀመጠች ስለ ሆነ፥ ሕጉን በማንበብ ብቻ ብዙ ነገር መረዳት ይቻላል። ልዩ ምልክት ካላደረግንበት በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ሕግ የወታደሩን ሕመም በሰየመ ጊዜ አብሮ የወታደሩን ሙያ ወስኗል። ሕመሙ «መጥፎ ልማድ» ተብሎ የተሰየመ እንደ ሆነ የሥራና የትምህርት በር ተዘግቷል። «ቁስል» ተብሎ የተሰየመ እንደ ሆነ አበል ተሰጥቷል፤ ይሁን እንጂ ወታደሩ አበሉን ለማግኘት ለሥራ የማይበቃ መሆኑን ማስመስከር ነበረበት። ሥራው ራሱ የሕክምናው ክፍል የሚሆንበት ሦስተኛ መንገድ ብዙ ጊዜ ተጀምሮ ተቋርጧል፤ በሚገባ ተፈትኖ የታየው ግን በቅርብ ዓመታት ነው።

፩. ቤት የተሠራላቸው፤ ሙያ ያልተመለሰላቸው

የእርስ በርሱ ጦርነት (1861–1865) ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ በማርች 1865፥ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ለአካለ ስንኩል ፈቃደኛ ወታደሮች መኖሪያ እንዲቋቋም የሚያዝዝ ሕግ ፈረሙ። የመጀመሪያው መኖሪያ በ1866 በሜይን ግዛት ቶገስ በተባለ ስፍራ ተከፈተ፤ ቀጥሎም በኦሃዮ በዴይተን፥ በዊስኮንሲን በሚልዎኪ ሌሎች ተሠሩ። በእነዚህ መኖሪያዎች ውስጥ ነዋሪው ሰማያዊ የወታደር ልብስ ይለብሳል፥ በሻምበል ይመደባል፥ በመለከት ይነሣል፥ ጥፋት ቢያጠፋ እንደ ወታደር ይቀጣል። በዴይተን የሙያ መሥሪያ ክፍሎች ስለ ነበሩ አቅም ያላቸው ሰዎች በጥቂት ክፍያ ይሠሩ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሐኪሞች የአእምሮን ጉዳት በአካል ውስጥ ይፈልጉት ነበር። ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባሉ የፊላደልፊያ ሐኪም ወደ ሦስት መቶ የሚሆኑ ወታደሮችን ሁኔታ አጥንተው በ1871 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ልባቸው ያለ ልክ የሚመታባቸው፥ ትንፋሽ የሚያጥራቸውና ቶሎ የሚደክሙ ብዙ ሰዎች መኖራቸውን ገለጹ፤ ለሕመሙም «ቁጡ ልብ» የሚል ስም አወጡለት። ዛሬ ስናነበው ከእነዚህ ምልክቶች ብዙዎቹ የጭንቀት ምልክቶች እንደ ነበሩ እንገነዘባለን።

ስለ ሱስም እንዲሁ ነው። ለቁስልና ለተቅማጥ ሞርፊንና ኦፒየም በሰፊው ይሰጥ ስለ ነበር ከሐኪም እጅ የጀመረ ሱስ ይዘው የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ፤ ቁጥራቸው ምን ያህል እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። መጠጥማ በግልጽ የሚታይ ነበር። ከመኖሪያዎቹ አጥር ውጪ መጠጥ ቤቶች ስለ ተከፈቱ፥ አስተዳዳሪዎቹ ነዋሪው ወጥቶ ከሚጠፋ በግቢ ውስጥ ይጠጣ ብለው የቢራ አዳራሾችን ከፈቱ። በ1890ዎቹ ደግሞ «የወርቅ መድኃኒት» እየተባለ በጊዜው እጅግ የታወቀው የሌስሊ ኪሊ የመጠጥ ሕክምና ወደ አንዳንዶቹ መኖሪያዎች ገባ። እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ እጁ ቢራ እየሸጠ በሌላው እጁ ለቢራ መድኃኒት ይሰጥ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለጥያቄያችን የሚጠቅመው የ1890 የጡረታ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ጉዳቱ በጦርነቱ ያልደረሰበት የቀድሞ ወታደር እንኳ ጡረታ እንዲያገኝ ፈቀደ፤ ዳሩ ግን ሁለት ሚዛን አስቀመጠ። አንደኛው ሚዛን ሰውየው በእጁ የጉልበት ሥራ መሥራት የማይችል መሆኑ ነው። ሁለተኛው ጉዳቱ ከራሱ መጥፎ ልማድ ያልመጣ መሆኑ ነው። ስለዚህ የመንግሥት ገንዘብ የሚገኘው «መሥራት አልችልም» በማለት ሆነ፤ ጠጪው ግን መሥራት ባይችልም እንኳ ከዚህ ገበታ ተለየ። የጡረታው ወጪ እጅግ ሰፊ ነበር፤ በ1893 ከፌዴራል መንግሥቱ ወጪ ከመቶ 40 ያህሉ ለጡረታ ይውል ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶም የወታደሩ የሙያ ጥያቄ መልስ አላገኘም። መኖሪያው ወታደርነቱን ጠበቀለት፤ የሠራተኛነት ስሙን ግን አልመለሰለትም።

፪. ሙያ በሕግ፤ የ1918 ሙከራ

አንደኛው የዓለም ጦርነት አዲስ ስም ይዞ መጣ። በ1915 እንግሊዛዊው ቻርልስ ማየርስ «የመድፍ ድንጋጤ» ስለሚባለው ሕመም በታወቀው የሐኪሞች መጽሔት ጻፉ። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ቶማስ ሳልሞን የተባሉት የአእምሮ ሐኪም የእንግሊዞችን ልምድ አጥንተው፥ ሕመምተኛው ከጦር ግንባር ሳይርቅ፥ ሳይዘገይና ወደ ሥራው እንደሚመለስ እየተነገረው እንዲታከም ምክር ሰጡ። በምክራቸው ውስጥ ለእኛ ጕዳይ ታላቅ የሆነ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ሰው ስለ ራሱ የሚጠብቀው ነገር ከሕመሙ አካሄድ ጋር የተያያዘ ነው የሚለው ነው። «አንተ ሕመምተኛ ነህ» ከሚሉት ይልቅ «አንተ ገና ወታደር ነህ» ያሉት ሰው ቶሎ ይነሣል ብለው ያምኑ ነበር።

በዚያው ዓመት በማርች 1917 በኒው ዮርክ ግዛት በክሊፍተን ስፕሪንግስ በእጅ ሥራ አማካይነት ማከምን የሚያስፋፋ ማኅበር ተመሠረተ። በጦርነቱም ጊዜ ብዙ ሴቶች በወታደር ሆስፒታሎች ተመድበው ሕመምተኞችን ሽመና፥ የእንጨት ሥራና ቅርጫት ስፌት ያስተምሩ ነበር። በጁን 1918 ደግሞ ኮንግረስ በጦርነት ለተጐዱ ወታደሮች የሙያ ትምህርት በመንግሥት ወጪ እንዲሰጥ ሕግ አወጣ። እስከ 1928 ድረስ ወደ 180 ሺህ የሚሆኑ የቀድሞ ወታደሮች በዚህ ሕግ ሥልጠና ጀመሩ።

ሙከራው መልካም ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ሁለት ጉድለት ነበረበት። የመጀመሪያው የአስተዳደር ነው። በ1921 የተቋቋመው የቀድሞ ወታደሮች ቢሮ የመጀመሪያ ዲሬክተር ቻርልስ ፎርብስ የመንግሥትን ገንዘብ በማጭበርበር ተፈርዶበት ታሰረ። ሁለተኛው የሐሳብ ጉድለት ነው። ሕጉ የተጻፈው እጁን ላጣ ሰው እጅ የማያስፈልገው ሥራ ለመፈለግ ነው። እጁ ሙሉ ሆኖ ሌሊት በቅዠት ለሚነቃ፥ ቀን በሰው መካከል መቆም ለሚያቅተው ሰው ግን የትኛው ሙያ ይሻለዋል? ሰይፍን ቀጥቅጦ ማረሻ ማድረግ ለብረት ሠሪ ቀላል ነው፤ ሰይፍ ያዡን አራሽ ማድረግ ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል።

የኢኮኖሚው ውድቀት በ1929 በመጣ ጊዜ ይህ ሁሉ ተናጋ። በ1932 ሥራ ያጡ ብዙ ሺህ የቀድሞ ወታደሮች የተስፋ ገንዘባቸው ቀኑ ሳይደርስ እንዲከፈላቸው ለመጠየቅ በዋሽንግተን ሰፈሩ፤ በጁላይ 28 ቀንም በጄኔራል ዳግላስ ማካርተር የሚመራ ጦር ከሰፈራቸው በኀይል አስወጣቸው። ገንዘቡ የተከፈለው በ1936 ነው። ወታደር በወታደር የተባረረበት ያ ቀን በሕግ አውጪዎች አእምሮ ውስጥ ቀረ፤ በሚቀጥለው ጦርነት ማብቂያ ላይ ለተወሰደው እርምጃ አንዱ ምክንያት ሆነ።

፫. የ1944 ሕግ፤ ለማን ተከፈተ? ለማን ተዘጋ?

በጁን 22 ቀን 1944 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የወታደሮች መቋቋሚያ ሕግን ፈረሙ። ይህ ሕግ ትምህርት፥ ለቤትና ለንግድ የሚሆን የብድር ዋስትና፥ እንዲሁም ሥራ ላጣ ሰው በሳምንት 20 ዶላር እስከ 52 ሳምንት ይሰጥ ነበር። በትምህርቱና በሥልጠናው 7 ሚሊዮን 8 መቶ ሺህ ያህል ሰዎች ተጠቀሙ፤ ከእነዚህም 2 ሚሊዮን 2 መቶ ሺህ የሚሆኑት ኮሌጅ ገቡ። የሕጉ ታላቅ ብልሃት፥ በእኛ አስተያየት፥ የወታደሩን ጉዳት ሳይመረምር በር መክፈቱ ነው። ሰውየው ተማሪ ለመሆን «ታምሜአለሁ» ማለት አላስፈለገውም። ቅዠት ያለበትም የሌለበትም በአንድ ወንበር ተቀምጦ «ተማሪ» የሚል አዲስ ስም አገኘ።

ጉዳቱ ግን አልጠፋም። በ1946 በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ከተኙት ሕመምተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአእምሮና በነርቭ ሕመም የተኙ ነበሩ። በዚያው ዓመት ዳይሬክተር ጆን ሂዩስተን በሎንግ አይላንድ በሚገኘው በሜይሰን ጠቅላላ ሆስፒታል ስለ እነዚህ ወታደሮች ለጦር ሠራዊቱ ፊልም ሠራ። ከዓላማዎቹ አንዱ እንዲህ ያሉ ሰዎች ለሥራ የሚበቁ መሆናቸውን ለአሠሪዎች ማሳየት ነበር። ሠራዊቱ ፊልሙን ካየ በኋላ ለሕዝብ እንዳይታይ ከለከለ፤ የተፈቀደው በ1980 ማብቂያ ላይ ነው። እንግዲህ አሠሪው እንዲያይ የተሠራው ፊልም አሠሪው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሣጥን ተቈለፈ።

በዚያው በ1946 የወጣውና «የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» የሚለው ፊልም ይህንኑ ጉዳይ ለሕዝብ አሳየ። በታሪኩ ውስጥ ፍሬድ ዴሪ የተባለው ሰው በአየር ኀይል ሻምበል ሆኖ ቦምብ ይጥል የነበረ ነው፤ ሲመለስ ግን የሚያገኘው ሥራ ከጦርነቱ በፊት በመድኃኒት ቤት ውስጥ ለስላሳ መጠጥና አይስክሬም ይሸጥበት የነበረውን ቦታ ነው። ማዕረጉና የሥራ ልብሱ አልተገናኙም፤ ሌሊትም ቅዠት ይጐበኘዋል። የባንክ ሠራተኛው ጓደኛው ደግሞ ያለ ልክ ይጠጣል። የታሪክ ተማሪ ከእንዲህ ያለ ሥራ የሚማረው፥ የዘመኑ ሰው ችግሩን ያውቅ እንደ ነበረ ነው።

ሕጉ ለሁሉ የተጻፈ ቢመስልም ለሁሉ አልደረሰም። በ1947 በሚሲሲፒ 13 ከተሞች ውስጥ መንግሥት ዋስ ከሆነባቸው 3229 ብድሮች ለጥቁር ወታደሮች የተሰጡት 2 ብቻ ነበሩ። ከዚህም ሌላ «ሰማያዊ ስንብት» የሚባል ወረቀት ነበረ። በመጠጥ፥ በአደንዛዥ ዕፅ ወይም «በባሕርይ» ምክንያት ለሠራዊቱ አይበጁም የተባሉ ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት በዚህ ወረቀት ይሰናበቱ ነበር። የስንብት ወረቀቱ ቀለም ለአሠሪውም ለመሥሪያ ቤቱም ምልክት ሆነ፤ የያዙትም ብዙዎች ከሕጉ ጥቅም ተነፈጉ። ይህ የስንብት ዐይነት በ1947 ተሻረ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ ሱሱ የጀመረው በአገልግሎት ላይ ሆኖ ሳለ የተማሪነት ዕድል የተወሰደበት ሰው ሁለት ጊዜ ተቀጣ።

፬. ቬትናም፤ ቁጥሩ ያስደነገጠው፥ ውጤቱ ያስገረመው

በሜይ 1971 የኮንግረስ አባላት ሮበርት ስቲልና ሞርጋን መርፊ ባወጡት ዘገባ፥ በቬትናም ካሉት ወታደሮች ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት በሄሮይን ሱስ እንደ ተያዙ ገለጹ። በሚቀጥለው ወር ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ሐኪሙን ጀሮም ጃፌን የአዲስ መሥሪያ ቤት ኀላፊ አድርገው ሾሙ። ከቬትናም የሚመለስ ወታደር ሁሉ ሽንቱ እንዲመረመር፥ ሱስ የተገኘበትም አውሮፕላን ላይ ከመሳፈሩ በፊት እንዲታከም ተደረገ።

ሕዝቡ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሱሰኞች ከተሞቹን ሊያጥለቀልቁ ነው ብሎ ፈራ። ሊ ሮቢንስ የተባሉት ተመራማሪ ሴት በሴፕቴምበር 1971 ከቬትናም የተመለሱትን ወታደሮች ተከታትለው ያገኙት ውጤት ግን ሌላ ነበር። ከተመለሱት ከመቶ 20 ያህሉ በዚያ ሳሉ በሱስ ተይዘው ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ በተመለሱበት በመጀመሪያው ዓመት በሱሱ ሥር እንደገና የወደቁት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲታይም ከመቶ 12 ያህል ሆኑ። ከዚህ የምንረዳው ሱስ በሰውየው ደም ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ነገር አለመሆኑን ነው። ቦታው፥ ዕፁ የሚገኝበት መንገድና በዙሪያው ያለው ኑሮ ሲለወጥ ብዙው ሰው ተለወጠ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ውጤት ችኩል መደምደሚያ ማውጣት አይገባም። ከሄሮይን መላቀቅ ከጦርነቱ መላቀቅ አይደለም። በዲሴምበር 1970 በኒው ዮርክ የተጀመሩት የወታደሮች የውይይት ቡድኖች ይህን ያሳያሉ። ሐኪሞቹ ሮበርት ጄይ ሊፍተንና ካይም ሻታን ከወታደሮቹ ጋር እኩል ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ከእንዲህ ያለ ሥራና ከሌሎችም ጥናቶች የተነሣ በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም በሕመሞች መዝገብ ውስጥ አገባ። በ1990 የታተመው ብሔራዊ ጥናት ደግሞ በቬትናም ከዘመቱት ወንዶች ከመቶ 15.2 የሚሆኑት ጥናቱ በተደረገበት ጊዜ ይህ ሕመም እንዳለባቸው፥ ከእነዚህም ከአራቱ ሦስት ያህሉ በሕይወታቸው በአንድ ወቅት በመጠጥ ችግር ውስጥ እንዳለፉ አሳየ። ሥራ አጥነትም በእነርሱ ላይ የበረታ ነበር።

በዚህ ጊዜም የስንብት ወረቀቱ ጉዳይ ተመለሰ። በወረቀቱ ላይ ሰውየው የተሰናበተበትን ምክንያት የሚያመለክት የምስጢር ቁጥር ይጻፍ ነበር፤ አሠሪዎች ግን የቁጥሮቹን ትርጉም እያገኙ ያነቡት ነበር። በ1971 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜልቪን ሌርድ ዕፅ በመጠቀም ብቻ የተሰጡ መጥፎ የስንብት ወረቀቶች እንደገና እንዲመረመሩ አዘዙ፤ በ1974 ደግሞ ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ መጻፉ ቀረ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሥራ ፈላጊው በአሠሪው ፊት ሲቀመጥ ከእርሱ በፊት ይናገርበት የነበረው ወረቀት ዝም እንዲል ማድረግ ከብዙ መድኃኒት የሚበልጥ ነው።

በ1979 የወጣው ሕግ ያቋቋማቸው የምክር ጣቢያዎችም ልዩ ነበሩ። የተከፈቱት በሆስፒታል ግቢ ሳይሆን በከተማ መንገድ ዳር ነው፤ ከሚሠሩባቸውም ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ከዘመቻ የተመለሱ ናቸው። የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደርን በዚያን ጊዜ ይመሩ የነበሩት ማክስ ክሌላንድ በ1968 በቬትናም ሁለት እግራቸውንና ቀኝ እጃቸውን ያጡ ሰው ናቸው። በዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጐዳ ወታደር ጉዳቱን ሳይደብቅ፥ ጉዳቱንም እንደ ልምድ ቈጥሮ፥ ሌላውን መርጃ ሙያ ሊያደርገው ቻለ።

፭. ሱስ በፍርድ ቤት ፊት

ከ1890 የተወረሰው «መጥፎ ልማድ» የሚለው ሐሳብ ምን ያህል ዕድሜ እንደ ነበረው ለማየት የ1988ቱን ፍርድ መመልከት ይበቃል። በዘመኑ ሕግ ወታደሩ በተሰናበተ በ10 ዓመት ውስጥ የትምህርት መብቱን ካልተጠቀመበት መብቱ ያልፍበታል፤ ከራሱ ጥፋት ያልመጣ ሕመም ከከለከለው ግን ጊዜው ይራዘምለታል። ከመጠጥ ሱስ የዳኑ ሁለት የቀድሞ ወታደሮች «እነዚያን ዓመታት በሕመም አጥተናቸዋል፤ አሁን ድነናልና እንማር» ብለው ጠየቁ። አስተዳደሩ መጠጥ በፈቃድ የተደረገ ጥፋት ነው ብሎ ከለከላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኤፕሪል 1988 በ4 ድምፅ በ3 ላይ ለአስተዳደሩ ፈረደ። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ዓመት ኮንግረስ ሕጉን ለውጦ ከሱሳቸው ለዳኑት ሰዎች የትምህርቱ ጊዜ እንዳይዘጋባቸው አደረገ።

በዚህ ክርክር ውስጥ በእውነት የተፈረደው ስለ መጠጥ አልነበረም፤ ስለ ጊዜ ነበር። ሰው በ22 ዓመቱ ከጦር ሠራዊት ወጥቶ በ32 ዓመቱ ሲነቃ፥ የባከኑት ዓመታት የማን ናቸው? እኩዮቹ ተምረው፥ ተቀጥረው፥ ቤት ሠርተዋል። እርሱ ግን «ምን ትሠራ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። የሱስ ከባዱ ጉዳት ከጉበት ይልቅ በዚህ ጥያቄ ላይ የሚታይ ይመስለናል።

፮. መዳን ይቀድማል ወይስ ሥራ?

ለረዥም ጊዜ የሐኪሞችም የአስተዳዳሪዎችም እምነት «መጀመሪያ ይዳን፥ ኋላ ይሥራ» የሚል ነበር። በሆስፒታል ግቢ የሚሰጠው ቀላል ሥራም የተዘጋጀው ለእውነተኛው ሥራ ማለማመጃ ይሆን ዘንድ ነው። ችግሩ ማለማመጃው ራሱ መኖሪያ እየሆነ መቅረቱ ነው፤ የዴይተንን መሥሪያ ክፍሎች ያስታውሰናል።

ከዚህ የተለየው ሐሳብ ሕመምተኛው መሥራት ከፈለገ ወዲያው፥ እንደ ማንኛውም ሰው፥ በገበያ ዋጋ በሚከፈልበት እውነተኛ ሥራ ይግባ፤ ሐኪሙና የሥራ አማካሪው ከተቀጠረ በኋላም አይለዩት የሚል ነው። በዚህ ደንብ ሱስ ያለበት ሰው እንኳ አስቀድሞ ሱሱን እንዲተው አይገደድም። በአላባማ በተስካሉሳ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል 85 ሕመምተኞች በዕጣ በሁለት ተከፍለው ሙከራ ተደረገ። በ2012 እንደ ታተመው፥ በአንድ ዓመት ውስጥ በአዲሱ መንገድ ከተረዱት ከመቶ 76፥ በተለመደው መንገድ ከተረዱት ደግሞ ከመቶ 28 የሚሆኑት ሥራ አገኙ። በ2018 የታተመውና 541 ሰዎችን በ12 ስፍራዎች የያዘው ሰፊ ሙከራም በ18 ወር ውስጥ ቢያንስ ግማሹን ጊዜ በሥራ ላይ የቆዩት ከመቶ 38.7 በ23.3 መሆናቸውን አሳየ።

እነዚህ ቁጥሮች በሁለት በኩል ይነበባሉ። በአንድ በኩል አዲሱ መንገድ ከቀድሞው መሻሉ ተረጋግጧል። በሌላ በኩል በተሻለው መንገድ እንኳ ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆኑት በሥራ አልጸኑም። ስለዚህ ሥራ ሁሉን ይፈውሳል የሚል ካለ ይህ ቁጥር ይገታዋል፤ መሥራት ያልቻለውንም ሰው በአበል መርዳት ግዴታ መሆኑን ያስታውሳል። ችግሩ አበሉ መሰጠቱ አይደለም፤ አበሉ ሰውየው «አልረባም» እያለ እንዲኖር የሚጠይቅ መሆኑ ነው። በ1956 በጄኔራል ኦማር ብራድሌይ የሚመራው ኮሚሽን ለፕሬዚዳንቱ ባቀረበው ዘገባ፥ ወታደሩ በተመለሰ ጊዜ ቶሎ እንዲቋቋም መርዳት ዕድሜ ልክ ጡረታ ከመስጠት እንደሚሻል መክሮ ነበር። የኮሚሽኑን ምክር እኛም እንቀበለዋለን፤ ነገር ግን ለመቋቋም የሚፈጀው ጊዜ ለሁሉ እኩል አለመሆኑን የ1988ቱ ክርክር እንደሚያስተምር መጨመር ይገባል።

የ1944 ሕግ የተሳካው በሕጉ ብልሃት ሳይሆን በጊዜው በነበረው የሀብት ዕድገት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ የ1918 ሥልጠና ፍሬ በ1929 ውድቀት እንደ ተናጋ አይተናል። ዳሩ ግን ሀብቱ በሰፋበት በዚያው ዘመን ሰማያዊ ወረቀት የያዘው ሰው ከበሩ ውጪ ቀርቷል። ስለዚህ ሀብት በሩን ሰፊ ያደርገዋል፤ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ግን ሕጉ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፥ በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ የተጐዳው ወታደር በየዘመኑ አንድ ስም ተሰጥቶታል፤ በ1866 «የመኖሪያው ነዋሪ»፥ በ1890 «ጡረተኛ» ወይም «መጥፎ ልማድ ያለበት»፥ በ1918 «ሠልጣኝ»፥ በ1944 «ተማሪ»፥ በ1971 «ሱሰኛ»፥ በ1980 «ሕመምተኛ»። ከእነዚህ ስሞች ወታደሩን ወደ ፊት ያራመዱት ነገ የሚሆነውን የሚያመለክቱት፥ ማለት «ሠልጣኝ» እና «ተማሪ» የሚሉት ናቸው። የቀሩት ትናንት የሆነበትን ብቻ ይናገራሉ።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚደርስ ሠራዊት በአንድ ጊዜ ተበተነ፤ በሚቀጥለው ወርም የቀድሞውን ሠራዊት አባሎችና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተሠየመ። ወደ ገጠር የተመለሰው መሬት፥ ዘርና በሬ ሲያገኝ «ገበሬ» የሚል ስሙ ቶሎ ተመለሰለት፤ በከተማ የቀረው፥ ከወታደርነት በቀር ሌላ ሙያ ያልነበረው ግን ብዙ ተቸግሯል። በልቡ የቀረውን ጦርነትና ጦርነቱን ለመርሳት የጠጣውን መጠጥ የሚመለከተው የጥናት ክፍል ገና ሰፊ ሥራ ይጠብቀዋል። የዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች በየሰፈራቸው ያሉትን የቀድሞ ወታደሮች ታሪክ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ቢጽፉት፥ ለታሪክም ለሕክምናም ታላቅ አገልግሎት ይሆናል። ሲጽፉም አስቀድመው የሚጠይቁት «ምን ሆነህ ነው?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «ምን መሥራት ትችላለህ?» የሚለውንም እንዲሆን እናሳስባለን።